የጓሮው ድንጋይና የእታለም ጠበል

ስለ ሺቫ፣ ስለ ህንዶቹ አምላክ፣ የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ ሁለት ሴቶች ናቸው። አንደኛዋ የሚያመልኩት አከራያችን ናቸው። ሁለተኛዋ ደግሞ ጠበል እየደፋች ከጓሮ ልታስወጣው የተነሳችው አክስቴ ናት። እኔ መሀላቸው ቆሜ አስተረጉም ነበር። ማስተርጎም ከተባለ ማለቴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሥራዬ እሳት ማጥፋት ነበር።

የምንኖረው ሳን ሆዜ ነው፣ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ህንዳዊት እናት ግቢ ውስጥ። እሳቸው ትልቁ ቤት፣ እኔ ጓሮ ካለችው ትንሽ ቤት። ትንሽ ናት ስል ትንሽ ናት፤ የፍሪጁ በር ሲከፈት የሻወሩ በር አይከፈትም። ግን ፍሮንት ዴስክ የምሠራበት የሳንታ ክላራ ክሊኒክ ቅርቤ ነው፣ ሬንቱ ሰው አያስለቅስም፣ አከራይዋም ደግ ናቸው። በዚህ አካባቢ እነዚህን አንድ ላይ ያገኘ ሰው አፉን ዘግቶ መኖር አለበት። እኔም አፌን ዘግቼ እኖር ነበር፣ አክስቴ እስክትመጣ ድረስ።

ከሎሚው ዛፍ ሥር ሁለት ነገር አለ። አንዱ ከሲሚንቶ የተሠራ ሰው ነው። እግሩን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ተቀምጧል፤ ጸጉሩ ላይ ጨረቃ፣ አንገቱ ላይ እባብ፣ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ጦር አለው። ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ፊቱ ለጉድ የተረጋጋ ነው። ሁለተኛው ከፊቱ የቆመ ጥቁር፣ ሞላላ፣ ልስልስ ያለ ድንጋይ ነው። አከራያችን እንደነገሩኝ ሁለቱም ሺቫ ናቸው። "ሰውየው ለዓይናችን ነው" አሉኝ፤ "ድንጋዩ ግን እሱ ራሱ ነው። መልክ የለውም፣ መጀመሪያና መጨረሻ የለውም።" ድንጋዩን ባለቤታቸው በወጣትነታቸው ከአገራቸው ወንዝ አውጥተው፣ በሻንጣ ተሸክመው ያመጡት ነው። ልብሳቸውን እዚያው ትተው ድንጋዩን ይዘው መጡ አሉ። በየማለዳው ውሃ ይፈስበታል። ባልየው ካረፉ ወዲህ የሚያፈሱት እሳቸው ነበሩ፣ በአንዲት የመዳብ ጣሳ።

በኋላ ዳሌያቸው ታመመና ዎከር፣ ያንን ባለ አራት እግር መደገፊያ፣ መግፋት ጀመሩ፤ ውሃውን ድንጋዩ ጋ የሚያደርሱት በጭንቅ ሆነ። ፍሪሞንት የሚኖር አንድ ልጅ አላቸው፤ ሥራው ኮምፒዩተር፣ ጭንቀቱ እናቱ። ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ጥሩ ሰው ነው፣ ጥሩነቱ ከሩቅ ሆነ እንጂ። እናቴ ብትወድቅ እንዳይ ብሎ ጓሮው ላይ ካሜራ ሰቀለ። ከዚያ ደግሞ ቤቱን እንሽጠውና እኔ ጋ ግቢ እያለ ይነዘንዛቸው ጀመር። እምቢ ሲሉት ከርመው፣ ንዝንዙ ሲያንገፈግፋቸው አንድ ቃል ሰጡት፤ ይህ ድንጋይ ውሃ ሳያገኝ የመሸ ቀን እሺ ብዬ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ግን የቤት ሽያጭ አታንሳብኝ አሉት።

ይህን የነገሩኝ ወጥ ቤታቸው ቁጭ ብለን ነው፣ የታመመ ጎናቸውን በእጃቸው ደግፈው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ድንጋዩ ደረቀ ማለት ቤቱ ተሸጠ ማለት ነው። ቤቱ ተሸጠ ማለት እሳቸው የትዳር ዘመናቸውን የኖሩበትን ግቢ ትተው ፍሪሞንት ፎቅ ላይ መውጣታቸው ነው፣ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ጎዳና መውጣቴ። እኔ ላፍስስልዎ እንዳልል ማተቤ አንገቴ ላይ ነው። እሳቸውም ማተቤን አዩት መሰለኝ፣ "ሰው ለምኜ አላስደርግም" አሉኝ። "ከልቡ የመጣ ሰው ካልሆነ አይሆንም። በልመና የመጣ ውሃ ውሃ ብቻ ነው።" የሚያሳዝነኝ ያንን ሲሉ ፈገግ ማለታቸው ነበር።

በዚህ መሀል ነው አክስቴ የመጣችው። እታለም ነው የምላት። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች አንቺ እላታለሁ፤ እሷም ያሻትን ትለኛለች። ኦክላንድ ከልጇ ጋር ትኖር ነበር። ልጅቷ ለሥራ ሌላ ስቴት ስትሄድ እታለም ቤተ ክርስቲያኔን ትቼ ንቅንቅ አልልም አለች። እሁድ እሁድ ኦክላንድ ቅዳሴ ላደርሳት ቃል ገብቼ ወደ እኔ አመጣኋት። በገባች በማግስቱ ጠዋት ወደ ጓሮ ብቅ ስትል ጩኸቷን ሰማሁ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ጌጥ ነው እታለም።"

"እባብ የጠመጠመ ጌጥ?"

"የአትክልት ጌጥ ነው። እዚህ አገር ይወዱታል።"

"ድንጋዩስ?"

"ድንጋይ ነው።"

"ለድንጋይ አበባ ይደረጋል? እኔን ሞኝ አደረግሽኝ? ጣዖት ደጅሽ አስቀምጠሽ ነው እንቅልፍ የሚወስድሽ?"

"ጓሮው የኔ አይደለም እኮ። የአከራያችን ነው።"

"ሰይጣን ሊዝ አይቶ ነው የሚገባው?"

  "ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ እኔ እወጣለሁ" ብላ ገባች። እታለም እንዲህ ካለች አለች ነው። ልጅ ሆኜ የግቢያችንን አከራይ ውሻ እንዲህ ብላ ዝታበት፣ ውሻው በሳምንቱ ሌላ ሰፈር ሄዶ ቀርቷል። እኔ ግን ሺቫ እንደ ውሻው የሚሄድ አልመሰለኝም፤ የወንዝ ድንጋይ ሆኖ ውቅያኖስ ያቋረጠ ነው።

እሁድ ከኦክላንድ ስንመለስ ጀሪካን ሙሉ ጠበል ጭናለች። ለመጠጥ ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። ሰኞ ማለዳ ጥርሴን እየፋቅኩ ሳለ ድምፅ ሰማሁ። በመስኮት ሳይ እታለም ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጆግ ሙሉ ጠበል ይዛ ድንጋዩ ፊት ቆማለች።

"ውጣ!" አለች፣ ከላይ ወደ ታች እያፈሰሰች። "ውጣ ብያለሁ! በሥላሴ ስም! ስንት ዘመን ሰው ታስጨንቃለህ? ውጣ!"

ልክ የሕፃን ልጅ ጭንቅላት እንደሚታጠብ ዙሪያውን አጠበችው። አንድም ቦታ ደረቅ እንዲቀር አልፈለገችም፤ ሰይጣን እዚያች ይደበቃል። እኔ አፌ ኮልጌት ሞልቶ፣ ብሩሼን እንደያዝኩ ሮጥኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ቀና ስል አከራያችንን አየኋቸው። ወጥ ቤታቸው መስኮት ላይ ቆመው፣ ሁለት መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው፣ እንባቸው ዱብ ዱብ ይላል።

አለቀልን አልኩ። ሊያባርሩን ነው ብዬ ይቅርታዬን በእንግሊዝኛ እያዘጋጀሁ ደረጃቸው ጋ ደረስኩ። እሳቸው ግን እጄን ያዙና፣ "ማን ነገራት?" አሉኝ።

"ማንም አልነገራትም አንቲ።" በነሱ ወግ ትልቅ ሴት ሁሉ አንቲ ናት።

"ማንም ሳይለምናት? ከልቧ?"

 ዞር ብዬ እታለምን አየኋት። ጆጉን ጨርሳ፣ ጣቷን ወደ ድንጋዩ ቀስራ ትዝትበታለች። "ከልቧ ነው" አልኳቸው። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ከልብ የሆነ ነገር አይቼ አላውቅም።

ቤት ስንገባ እታለም በተራዋ፣ "ሴትዮዋ ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት?" አለችኝ።

"ደስ ብሏቸው ነው።"

"አየሽ!" አለች ጭኗን መትታ። "እሳቸውንም ሲያስጨንቃቸው ነው የኖረው። የሚረዳቸው ሰው አጥተው እንጂ።"

ይኸው እንግዲህ፣ ከመጀመሪያዋ የጌጥ ወሬ በቀር ለሁለቱም አንዲት ውሸት ሳልናገር ነገሩ ተቆላለፈ። በየማለዳው እታለም ልታስወጣው ታፈሳለች፣ በየማለዳው ድንጋዩ ይታጠባል፣ በየማለዳው ቤቱ ሳይሸጥ ይውላል። ሰይጣኑ የማይወጣው ሥር ሰድዶ ነው አለች፤ ስለዚህ ሱባኤ ያዘች። ሱባኤው ሲያልቅ ሌላ ሱባኤ። ጀሪካኑ እያለቀ እሁድ እሁድ እንሞላለን። ጠበል የሚቀዳው ዲያቆን አንድ ቀን "እማማ፣ የታመመው ማነው?" ብሎ ጠየቃት። "ጎረቤት ነው፣ ክፉኛ ይዞታል" አለችው። እኔ በ880 ፍሪዌይ ስነዳ ኋላ ወንበር ላይ የተጫነው ጠበል በሄድን ቁጥር ጓ ጓ ሲል፣ በሌላ ሃይማኖት ቤተ መቅደስ የውሃ ቦቴ ሹፌር የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ሁለቱ ደግሞ ተወዳጁ። ከሥራ ስመለስ ሎሚው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። እታለም ስለ ጉልበቷ በአማርኛ ታወራለች፣ አንቲ ስለ ዳሌያቸው በራሳቸው ቋንቋ ይመልሳሉ። አንዷም የሌላዋ አይገባትም፤ ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ረቡዕና ዓርብ አንቲ ሥጋም ወተትም ቅቤም ያልነካው ምስር በሳህን ያመጡላታል። እታለም መጀመሪያ እያሸተተች ነበር የምትቀበለው፤ በኋላ ማሽተቱን ተወችው። "እኚህ ሰው ጾም ያውቃሉ" አለችኝ፣ ሥጋ በልተው እንደማያውቁ ስነግራት።

አንድ ቀን አንቲ ግንባራቸው ላይ ነጭ አመድ ተቀብተው ወጡ። እታለም ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "አየሽ? እምነት ይቀባሉ! ክርስትና ለመነሳት ትንሽ ነው የቀራቸው።" አንቲ ደግሞ በዚያው ሳምንት እታለም ከገዳም የመጣ እምነት ግንባሯ ላይ ለቅልቃ ሲያዩ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "አመዱን አየሽ? የእሱ ናት እኮ!" አሉኝ። ለምን አመድ እንደሚቀባ ስጠይቃቸው፣ "ሁሉ ነገር ተቃጥሎ ተቃጥሎ የሚቀረው ይሄ ነው። ከዚህ ወዲያ የሚቃጠል የለም። እሱ ይህን ስለሚያውቅ አይፈራም" አሉኝ። እታለም ምን እያሉ ነው ስትለኝ፣ "ሰው አፈር ነው እያሉ ነው" አልኳት። "ታዲያ እውነታቸውን ነው" አለች።

ሰዎች የዮጋ አምላክ ነው ይሉታል። እኔም ክሊኒካችን ለስትረስ ብሎ ምሳ ሰዓት ላይ ዮጋ አምጥቶልን ስለነበር ስሙን እዚያ ሰምቼዋለሁ። አስተማሪዋ "ሁሉን ነገር ልቀቁት" ትለናለች፣ እኔ ምንጣፉ ላይ ተኝቼ የምለቀው ፈልጌ አጥቼ እናደዳለሁ። አንቲ ግን ሌላ ነገር ነገሩኝ። ድሮ ድሮ ዓለምን የሚያጠፋ መርዝ ወጣ፤ አማልክቱ ሁሉ ሸሹ፤ እሱ መጥቶ ጠጣው። ግን አልዋጠውም። ቢውጠው እሱ ይቃጠላል፣ ቢተፋው ዓለም ይቃጠላል። ስለዚህ ጉሮሮው ላይ ያዘው፤ አንገቱ ለዚህ ነው ሰማያዊ የሆነው። "ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስልሻል አይደል?" አሉኝ የሲሚንቶውን ሰው እያሳዩኝ። "ዝም አላለም። ይዞ ነው።"  እኔ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ሰው ሲሰድበኝ እየዋልኩ "አይ አንደርስታንድ"፣ ይገባኛል፣ እላለሁ፤ አንገቴ እስካሁን ሰማያዊ አለመሆኑ ይገርመኛል።

ለእታለም ይህን ሁሉ እንዴት ላስተርጉም? "ትዕግሥት ጥሩ ነው እያሉ ነው" አልኳት።

"ረጅም ነገር ተናግረው የለ እንዴ?"

"ቋንቋቸው ረጅም ነው።"

አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ ልጅየው ከፍሪሞንት ኮል አደረገልኝ። በካሜራው ሲያየን ከርሟል። "አክስትሽ ጠዋት ጠዋት 'ውጣ' የምትለው ምን ማለት ነው?" አለኝ። ሦስት በሽተኛ ፊቴ ቆሟል። "ከም አውት"፣ ካለህበት ውጣ ማለት ነው አልኩት። "ዋው! ከድንጋዩ እንዲገለጥ እየጠራችው ነው!" አለኝ። ላርመው አፌን ስከፍት በሽተኛዬ ኢንሹራንስ ካርዷን ዘረጋችልኝ። ልጅየው ቪዲዮውን ለቤተሰቡ ግሩፕ ላከው። ቤቱ እንዲሸጥ እየፈለገ የእታለምን ቪዲዮ መላኩ አይገባኝም፤ ኩራት ሳያስቡት የሚመጣ ነገር ነው መሰለኝ። በሳምንቱ ህንድ አገር ያሉ አክስቶቹ ሳይቀሩ ነጭ የለበሰችውን ጥቁር ሴት አይተዋታል። የሺቫ ትልቁ በዓል ሲደርስ፣ ከሰዓት በኋላ እኛ ጋ ውሃ አፍስሰው ማታ ቤተ መቅደሳቸው ሊያድሩ፣ ዘመድ ሁሉ እየተጠራራ መጣ። የእኛም ዐቢይ ጾም ገና መግባቱ ነበር።

ያን ቀን ግቢው በሰው ሞላ። ሁሉም ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። እታለም በመስኮት ይህን አይታ ደስ አላት። "ጫማ ማውለቅ ያውቃሉ፤ የጨዋ ልጆች ናቸው።" ብቅ ስትል ደግሞ እየተንሾካሾኩ ከበቧትና ተራ በተራ ዝቅ ብለው እግሯን ነኩ። የአገሬ ሰው ጉልበት ሲስም ኖሮ እግር መንካት ምን ይገርማታል? "ተዉ ልጆቼ፣ በጉልበቴ! ተባረኩ፣ እደጉ፣ ክፉ አይንካችሁ" እያለች እጇን በየራሳቸው ላይ ጫነች። እነሱ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀበሉ። እኔ ሎሚው ሥር ቆሜ ላብ ያጠምቀኛል።

ከዚያ በየእጃቸው ጣሳና ማሰሮ ይዘው ድንጋዩ ፊት ተሰለፉ። እታለም አየች። ፊቷ በራ።

"ተመስገን!" አለች፣ እጇን ወደ ሰማይ። "ሁሉም ነቁ! ሁሉም ሊያስወጡት መጡ!"

ላስቆማት ስል ጥላኝ ገብታ ጀሪካኗን እየጎተተች ወጣች። ለእያንዳንዱ በየጣሳው ጠበል ቀዳችለት። ከኦክላንድ የመጣ ጠበል ለህንዶች በተራ ሲታደል ቆሜ አየሁ። እነሱም ቪዲዮውን ስላዩ፣ እንደሷ ማለት ደንብ መስሏቸው፣ ውሃውን እያፈሰሱ "ውጣ! ውጣ!" ይላሉ። ሽማግሌዎቹ በዜማ ነው የሚሉት። አንዲት ሴት "ውጣ" እያለች አለቀሰች። እታለም ከኋላቸው ቆማ "እንዲያ ነው! ጠንከር በሉ!" ትላለች። መሳቅ ይሁን ማልቀስ የሚገባኝ አላወቅኩም።

መጨረሻ ላይ አንቲ መጡ። ዎከራቸውን ተዉ፣ ዘመዶቻቸው ደገፏቸው፣ እያቃሰቱ ተንበረከኩ። ወተት አፈሰሱ፣ ቅጠል ጣል አደረጉ፣ አበባ ደረደሩ። ከዚያ ግንባራቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው ሳሙት።

እታለም ማበረታታቷን አቋረጠች።  ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

"ልጄ።"

"እ?"

"የሚያባርሩትን ይስማሉ እንዴ?"

የሎሚውን ቅጠል መቀንጠስ ጀመርኩ።

"ንገሪኝ። እነሱ ውሃ የሚያፈሱበት ለምንድን ነው?"

"ለማምለክ ነው እታለም።"

"እኔስ? እኔ እስከዛሬ ምን ሳደርግ ነው የከረምኩት?"

 እታለም የጀሪካኑን ክዳን ፈልጋ ገጠመች፣ አጠበቀች፣ አንስታ ወደ ቤት ገባች። እንግዶቹ ከኋላዋ እጅ ነሱ።

ቤት ውስጥ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እጆቿን እንደ እንግዳ ነገር ታያቸዋለች። "ለጣዖት ጠበል አጠጣሁ" አለች። "በዚህ ዕድሜዬ፣ በዐቢይ ጾም። አንቺ ደግሞ እያወቅሽ! አከራይሽ እንዳይቀየሙሽ ብለሽ ነፍሴን አከራየሽው!"

"ታዲያ የት ልውሰድሽ?" ብዬ ጮህኩ። እኔም ተናድጃለሁ። "ውጪ ያለውን ኪራይ ታውቂዋለሽ? መኪና ውስጥ ልናድር ነው? መጀመሪያውንስ ውሃ ድፊ ያለሽ ማነው?" ከዚያ የድንጋዩን ነገር ከሥሩ ነገርኳት፤ የአንቲን ቃል፣ የልጃቸውን ሽያጭ፣ ሁሉን። ሰማችኝ።  ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መቁጠሪያዋን ያዘች።

በማግስቱ ማለዳ ጓሮው ጸጥ አለ። ከመስኮታቸው አንቲ ይጠብቃሉ። ክሊኒኩ ደውዬ አሞኛል አልኩና ሄጄ ለእሳቸውም እውነቱን ነገርኳቸው። ልታስወጣው ነበር፣ እንደ ሰይጣን ነው ያየችው አልኳቸው። መጀመሪያ ዓይናቸው ፈጠጠ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ዳሌያቸውን ይዘው፣ "ውጣ! ውጣ!" እያሉ።

እንባቸውን ሲጠርጉ አንድ የቆየ ተረት ነገሩኝ። አዳኝ ነበር፤ አውሬ ፈርቶ ዛፍ ላይ ወጣ። እንቅልፍ እንዳይጥለው ቅጠል እየቀነጠሰ ወደ ታች ይጥላል፤ የውሃ ቅሉም ያንጠባጥባል። ከሥሩ የሺቫ ድንጋይ እንዳለ አላወቀም። እሱ የሚያስበው ስለ ነፍሱ ብቻ ነው። ሺቫ ግን ውሃ አገኘሁ፣ ቅጠል አገኘሁ ብሎ ተቀበለው። "የዋህ ነው" አሉኝ። "ስለ ሐሳብሽ አይመረምርሽም። ቢሰድቡትም የጠሩት ይመስለዋል።" ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። "እሱ ግድ የለውም። እኔ ግን ግድ አለኝ። ሃይማኖቷን እያስካድኩ ቤቴን አላድንም። አደራሽን፣ እንዳትለምኛት።"

ስልካቸውን አንስተው ልጃቸው ጋ ደወሉ። ቃሌ ቃል ነው፣ ከመሸ እመጣለሁ አሉት። ወዲያው ከሥራው ወጥቶ መንገድ ገባ።

ሲደርስ እኔ ግቢው ውስጥ ነበርኩ። የታጠፉ ካርቶኖች በሁለት እጁ አቅፏል፤ ፊቱ ደስታም ሐዘንም አለበት። በሩን በእግሩ ገፍቶ ሲገባ አንቲ ከጓሮ በር ወጡ። የመዳብ ጣሳቸውን ሞልተው ይዘዋል። ጣሳና ዎከር አብሮ ስለማይያዝ ዎከሩን ትተውታል። "ገና አልመሸም" አሉ።

"እማ! ኖ! ሪስክ ነው!" አለ ልጅየው ካርቶኑን እንዳቀፈ።

የመጀመሪያውን ደረጃ ወረዱ። ጣሳው ተንቀጠቀጠ፣ ውሃው እግራቸው ላይ ፈሰሰ፣ ሰውነታቸው ወደ ጎን አዘነበለ። እኔ ካለሁበት አልደርስም። እሱም ካርቶኑን እስኪጥል አይደርስም። የኛ ቤት በር በኃይል ተከፈተና እታለም በነጠላ ጫማ፣ ባዶ ራሷን፣ በዚያ ሁልጊዜ በምታማርረው ጉልበቷ ሮጠች። ክርናቸውን ቀለብ አደረገች።

ሁለቱም ቆመው ተነፈሱ። እታለም ክርኑን አልለቀቀችም። ቀስ ብለው አንድ ባንድ ወረዱ። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ እታለም ፊቷን ሙሉ በሙሉ ወደ አጥሩ አዞረች፣ ዓይኗንም ጨፈነች፣ በሌላ እጇ አማተበች። አንቲ የተረፈውን ውሃ ድንጋዩ ላይ አፈሰሱ። ከዚያ አፋቸውን ሳይከፍቱ አለቀሱ።

እታለም ዓይኗን እንደጨፈነች ጮክ ብላ ለልጅየው በአማርኛ ተናገረች። ሲበቃት፣ "ንገሪው" አለችኝ።

"ምን አለች?" አለኝ እሱ።

እስከዛሬ ለማንም ያስተረጎምኩት ሁሉ ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ፣ ተሸፋፍኖ ነበር። ያን ቀን ግን እንዳለ ነገርኩት። "ድንጋዩን አላየሁም። ውሃውንም አልነካሁም። የያዝኩት የእናትህን ክርን ነው፣ ክርን ጣዖት አይደለም። ከሆነም ለንስሐ አባቴ እኔው እነግራቸዋለሁ። ቋንቋዋን አላውቅ፣ አምላኳን አልወድ፤ ግን ስትወድቅ የደረስኩት እኔ ነኝ። አንተ ልጇ ነህ። በካሜራ ስታያት ከርመህ ካርቶን ይዘህ መጣህ።"

ልጅየው ወደ ካሜራው ቀና አለ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኑን መለሰ። ካርቶኖቹን ሣሩ ላይ አስቀመጣቸው። እናቱ አሁንም የእታለምን ክንድ ይዘው ነበር። እሱም፣ "ነገ ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ነው ለውሃው የምትወጡት?" አለኝ።

ለእታለም ነገርኳት። "ፀሐይ ስትወጣ" አለች። "ግን አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን መቅረት የለም በይው።"

ማለዳ ከፍሪሞንት ወደ ሳን ሆዜ ያለውን የመኪና ጭንቅንቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። በማግስቱ ተነስቼ በመስኮት ሳይ ሦስቱ ደረጃው ላይ ነበሩ፤ አንቲ መሀል፣ እታለም በቀኝ፣ እሱ በግራ። እታለም ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራለች። እሱ ግን የሚያየው እናቱን ነበር።